ታይብሬክ፦ የሜዳ ቴኒስ መለያ ጨዋታ

የእግር ኳስ ወዳጅ "መለያ ምት" ሲባል ልቡ ምን ያህል እንደሚንጠለጠል ያውቀዋል። የሜዳ ቴኒስም የራሱ መለያ አለው። ስሙ ታይብሬክ ነው፤ በአማርኛ "መለያ ጨዋታ" ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል።

አንድን ዙር ለማሸነፍ ቢያንስ ስድስት ጌም ማግኘትና ተጋጣሚን በሁለት ጌም መብለጥ ያስፈልጋል። ሁለቱም እኩል ስድስት ሲደርሱ መለያ ጨዋታው ይጀመራል። በመደበኛው ጌም የሚሠራበት 15፣ 30፣ 40 የሚለው አቆጣጠር ቀርቶ ነጥቡ ከአንድ ጀምሮ በተራ ይቆጠራል። ጀማሪው ለአንድ ነጥብ ብቻ ሰርቭ ያደርጋል (ኳሷን መትቶ ያስጀምራል)፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ነጥብ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ፤ በየስድስት ነጥቡም የሜዳ ጎን ይቀያየራሉ። ሰባት ነጥብ ደርሶ በሁለት የበለጠ ዙሩን 7 ለ 6 ይወስዳል።

ሐሳቡን ያመነጨው አሜሪካዊው ጂሚ ቫን አለን ነው። ከእሱ በፊት አንድ ዙር የሚያልቅበት ወሰን አልነበረውም። በሣር ሜዳ ላይ ሰርቭ የሚያደርግ ተጫዋች ብልጫ ስለሚኖረው፣ ሁለት ጠንካራ ተጫዋቾች ሲገናኙ ልዩነት መፍጠር ጭንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በዊምብልደን የ41 ዓመቱ ፓንቾ ጎንዛሌዝ ቻርሊ ፓሳሬልን ለማሸነፍ 112 ጌም አስፈልጎታል። የመጀመሪያው ዙር ብቻ 24 ለ 22 ነበር የተጠናቀቀው። ጨዋታው በጨለማ ምክንያት ተቋርጦ በማግስቱ አልቋል።

በቀጣዩ ዓመት ዩኤስ ኦፕን መለያ ጨዋታን ተቀበለ፤ ዊምብልደን በ1971 ተከተለ። የመጨረሻው ዙር ግን በዊምብልደን እንደ ጥንቱ ያለ ገደብ ቀረ።

መዘዙ በ2010 ታየ። ጆን ኢዝነርና ኒኮላ ማዩ ሦስት ቀን የፈጀ፣ በድምሩ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ የወሰደ ግጥሚያ አደረጉ። የውጤት ሰሌዳው የተዘጋጀው ለዚያ ሁሉ ጌም ስላልነበር 47 ለ 47 ላይ ቀጥ አለ። ኢዝነር የመጨረሻውን፣ አምስተኛውን ዙር 70 ለ 68 አሸነፈ። ይኸው ተጫዋች በ2018 ግማሽ ፍጻሜ በመጨረሻው ዙር በኬቨን አንደርሰን 26 ለ 24 ሲሸነፍ ግን የዊምብልደን ትዕግሥት አለቀ፤ ከ2019 ጀምሮ የመጨረሻው ዙር 12 ለ 12 ሲደርስ መለያ ጨዋታ እንዲደረግ ተወሰነ።

ደንቡ በዚያው ዓመት ፍጻሜ ላይ ዋንጫ ወሰነ። ሮጀር ፌዴረር በጠቅላላ ነጥብ ከኖቫክ ጆኮቪች በልጦ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ለድል አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሆኖም ጆኮቪች ሦስቱንም መለያ ጨዋታዎች ወስዶ ሻምፒዮን ሆነ።

እስከ 2022 ድረስ አራቱ ታላላቅ ውድድሮች የመጨረሻውን ዙር የሚጨርሱት በየራሳቸው ደንብ ነበር፤ የፈረንሳዩ ሮላን ጋሮስ እንዲያውም ገደብ አልነበረውም። ከዚያ ዓመት ወዲህ በአራቱም የመጨረሻው ዙር 6 ለ 6 ሲሆን፣ 10 ነጥብ ደርሶ በሁለት የበለጠ ያሸንፋል።