በቤት የሚሠራ አውሮፕላን፦ የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹ አገጣጠምና ፍተሻ

በገዛ እጁ አውሮፕላን የሠራ ሰው ከመብረሩ በፊት ሊያረጋግጠው የሚገባ ቀዳሚ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ከመሪው የሚሰጠው ትእዛዝ በክንፉና በጅራቱ ላይ በትክክለኛው አቅጣጫና መጠን መፈጸሙ ነው።

ዋና ዋናዎቹ የመቆጣጠሪያ ክፍሎች ሦስት ናቸው። በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ያሉት ኤለሮኖች አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድላሉ፤ በጅራቱ ላይ አግድም የተተከለው ኤሌቬተር አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ሩደር ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ ያዞረዋል። ከመሪው ዘንግና ከፔዳሎቹ ጋር የሚያገናኛቸው የብረት ኬብል ወይም የመግፊያ ዘንግ ነው።

ማስተካከል የሚጀመረው መሪውን መሀል ላይ በማሰር ነው። ክፍሎቹ ከክንፉና ከጅራቱ ጋር እስኪስተካከሉ ድረስ የኬብሉ ወይም የዘንጉ ርዝመት ይመጠናል። ከዚያም መሪው ተፈትቶ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ዲግሪ እንደሚንቀሳቀስ ይለካል፤ ማገጃዎቹም ንድፉ በሚያዝዘው ልክ ይቀመጣሉ።

ኬብሉ ከላላ ትእዛዙ ይዘገያል፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ መሪው ይከብዳል፣ ካሩኮላዎቹም ቶሎ ያልቃሉ። የአሉሚኒየም አካል በሙቀት ከብረት ኬብል ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ ውጥረቱ በሙቀት ይጨምራል፤ በቅዝቃዜ ይቀንሳል። በመሆኑም ልኬቱ የአየሩን ሙቀት ያገናዘበ መሆን አለበት። ከማጠፊያው በስተኋላ የተጨመረ ቀለም እንኳ የክፍሉን ሚዛን አዛብቶ በበረራ ላይ አደገኛ መርገብገብ ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን የአቅጣጫ መገላበጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1947 በእንግሊዝ ዉድፎርድ አንድ አቭሮ ቱዶር አውሮፕላን እንደተነሣ ወዲያው ተከሰከሰ። የኤለሮኖቹ ኬብሎች በጥገና ወቅት ተገላብጠው ተገጥመው ነበር። ላንካስተር የተባለውን ቦምብ ጣይ የነደፉት ሮይ ቻድዊክ በዚሁ አደጋ ሕይወታቸው አልፏል።

የተገላበጠ መሪ ያለ እንከን ስለሚንቀሳቀስ እጅን ያታልላል። ስለዚህ ማየት ያስፈልጋል፦ ዘንጉ ወደ ግራ ሲገፋ የግራው ኤለሮን ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች መሄድ አለበት፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ የግራው ፔዳል ሲረገጥ ሩደሩ ወደ ግራ ይዞራል።

በመጨረሻም ቡሎንና ዳዶው ሁሉ እንዳይፈታ መቆለፉ ይታያል። ሥራውን የፈጸመው ሰው የለመደውን ስሕተት ላያስተውል ስለሚችል፣ ፍተሻውን ሌላ ሰው እንደገና ሊያከናውነው ይገባል።