የስበት ጋሻ

የስበት ጋሻ (ስም)፦ የምድርን ስበት ከልሎ ከበላዩ ያለውን ነገር ክብደት ይቀንሳል ተብሎ የታሰበ ቁስ። ከ«ጸረ ስበት» ይለያል፤ ጸረ ስበት ወደ ላይ ይገፋል፣ የጋሻ ሥራ ግን መመከት ብቻ ነው።

ቃሉ ያስፈለገው በአንድ ሙከራ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በፊንላንድ፣ ታምፐሬ ከተማ፣ ተመራማሪው ዩጂን ፖድክሌትኖቭና ባልደረባው ኒየሚነን ከልዕለ አስተላላፊ ሴራሚክ የተሠራ ዲስክ አቀዝቅዘው፣ በማግኔት አንሳፍፈው አሽከረከሩ። ከበላዩ ያለው 5.48 ግራም የሚመዝን ናሙና ከክብደቱ ከ0.05 እስከ 0.3 በመቶ ቀነሰ ብለውም ጻፉ።

ልዕለ አስተላላፊ በብርቱ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያላንዳች ብክነት የሚያሳልፍ ቁስ ነው፤ «ልዕለ»ን ከ«ልዕለ ኃያል» እናውቀዋለን። የፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦነስ ይህን ጠባይ በ1911 ያገኘው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በቀዘቀዘ ሜርኩሪ ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ቁስ መግነጢሳዊ መስክን ከውስጡ ስለሚያስወጣ ማግኔት ላይ ይንሳፈፋል። ተንሳፈፈ ማለት ግን ክብደቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ማግኔቱ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ የተንሳፋፊውም ክብደት ተደምሮ ይነበባል።

0.3 በመቶ ምን ያህል ነው? የስበት ፍጥንጥነት ፓሪስ ላይ 9.81፣ አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ላይ ደግሞ 9.77 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ነው፤ ክፍለ ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ለምድር ወገብም የቀረበ ነውና። ፓሪስ ላይ በስፕሪንግ ሚዛን 60 ኪሎ የመዘነ ሰው በዚያው ሚዛን ላፍቶ ላይ 200 ግራም ያህል ይቀልላል። ተገኘ የተባለው ቅናሽ እዚህ ያለ ምንም ጋሻ አለ ማለት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ይህን ያህል ለውጥ የቀዝቃዛ አየር እንቅስቃሴ ወይም የማግኔት ጉተታም ሊያመጣው ይችላል። ተመራማሪው ሃታዌይና ባልደረቦቹ የእነፖድክሌትኖቭን ሙከራ ደግመው በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ የተባለውን ውጤት አላገኙትም።

ወደ ቃሉ ስንመለስ፣ በክፍለ ከተማው ስም ውስጥ ያለው «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ መልእክት ለሚያደርስ፣ በእውን ለሚሠራ መሣሪያ የወጣ ስም ነው፤ «የስበት ጋሻ» ግን ላልተረጋገጠ ግምት የወጣ ነው። ልዕለ አስተላላፊ ከስበት ጋር የተረጋገጠ ዝምድና ያለው በመለካት በኩል ነው። ልዕለ አስተላላፊ የስበት መለኪያ በመግነጢሳዊ መስክ የተንሳፈፈች የኒዮቢየም ኳስ አለችው፤ ስበት በጥቂቱ ሲለወጥ ኳሷ ልትነቃነቅ ትሞክራለች፣ መሣሪያውም ይህን ይመዘግባል። ጨረቃና ፀሐይ ምድርን ሲስቡ የሚፈጠረውን ለውጥ ሳይቀር ይለያል።

ስለዚህ በጽሑፍ «የስበት ጋሻ» ስንል «የታሰበው» ወይም «የተባለው» እንጨምርበት፤ «ልዕለ አስተላላፊ የስበት መለኪያ» ግን ያለ ቅጽል ይጻፍ።