የአውሮፓ አሳማ ካሳቫ የበላበት ዘመን

ካሳቫን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሰው ምግብነቱ ነው። በስዋሂሊ ሙሆጎ ይሉታል፤ በወላይታና በጋሞ አካባቢም ዱቄቱ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ይጋገራል። አንድ ዘመን ግን በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ካሳቫ ባሕር ተሻግሮ የአውሮፓ አሳማ ይቀለብበት ነበር። ለታሪክም ለጂኦግራፊም ክፍለ ጊዜ ይሆናል ብለን ታሪኩን አቅርበነዋል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከቀረጥ ነው። የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በ1967 የጋራ የእህል ገበያ ሲያቋቁም ገበሬዎቹን ለመጠበቅ የስንዴና የገብስን ዋጋ ከዓለም ገበያ በላይ ሰቀለው። ከውጭ በሚገባ እህል ላይም ከባድ ቀረጥ ጣለ። ካሳቫን ግን ማን አስቦት! ጋት በተባለው የንግድ ስምምነት ቀረጡ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ታስሮ ነበር። የሆላንድና የጀርመን መኖ አምራቾች ይቺን ቀዳዳ አዩዋት።

ታዲያ ካሳቫ ብቻውን እህልን አይተካም። ጉልበት የሚሰጥ ስታርች ሞልቶታል፤ ፕሮቲኑ ግን ደርቆ እንኳ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው፤ የበቆሎ 8 ወይም 9 ይደርሳል። ስለዚህ አራት እጅ ካሳቫ ከአንድ እጅ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ጋር ይቀላቅሉ ነበር። ፋጉሎውም ያለ ቀረጥ ነበር የሚገባው።

መርዙስ? እውነት ነው፣ ካሳቫ ሲያናይድ ያመነጫል። ሥሩ ተቆራርጦ ስሚንቶ ላይ በፀሐይ ሲሰጣ አብዛኛው ይወጣለታል። ይህ ለአሳማ መኖ ነው እንግዲህ፤ መራራው ካሳቫ ለሰው ሲሆን ማስጣት ብቻውን አይበቃም፣ መዘፍዘፍና ማብላላት ያስፈልገዋል።

ካሳቫው የሚመጣው በዋናነት ከታይላንድ ነበር። ኢሳን የሚባለው ሰሜን ምሥራቁ አሸዋማና ዝናብ የማያምንበት አገር ነው። ሩዝ እምቢ ያለበት ማሳ ላይ ካሳቫ እሺ ስላለ ገበሬው ደን እየመነጠረ ተከለ። እሱ ራሱ የሚበላው ሩዝ ነው፤ ካሳቫው ለሽያጭ ነው። ኑሮው ግን አይቶት በማያውቀው በብራስልስ ሕግ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የአውሮፓ እህል አምራቾች አጉረመረሙ። በ1982 ታይላንድ የምትልከውን በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ እንድትወስን ተስማማች። ትልቁ ምት የመጣው ግን በ1992 ነው፦ ማኅበረሰቡ የራሱን የእህል ዋጋ በ30 በመቶ ገደማ ለመቀነስ ወሰነ። ስንዴ ረከሰ፤ አሳማውም ወደ ስንዴ ተመለሰ።

የኢሳን ገበሬ ያን ጊዜ የሠራውን ሠራ። አንዳንዱ ማሳውን ወደ ሸንኮራ አገዳ አዞረ፤ ሌላው ሥሩን ለስታርች ፋብሪካ መሸጥ ያዘ። ከ2000 በኋላ ደግሞ ቻይና ለአልኮል መሥሪያ የደረቀውን ካሳቫ በብዛት ትገዛው ጀመር።