ዓዳይ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር በድድ በሽታ ላይ

ዓዳይ በሞቃታማ ቆላ፣ በደረቅ ወንዞች ዳርና ጨው ባለበት አፈር የሚበቅል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ሳልቫዶራ ፐርሲካ የሆነ ቁጥቋጦ ወይም አጭር ዛፍ ሲሆን፣ በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች፣ ማለትም በጅግጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌና በሽንሌ፣ ሥሩና ቅርንጫፉ ለጥርስ መፋቂያነት ያገለግላል። ተጠቃሚው የእንጨቱን ጫፍ ልጦ፣ ጭረቱ እስኪበታተን ካኘከ በኋላ ጥርሱን ይፍቅበታል፤ ከሶላት በፊት መፋቅ በእስልምና የተወደደ ሱና በመሆኑም ልማዱ ከአምልኮ ጋር የተሳሰረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል።

ትኩስ ሥር ሲታኘክ ምላስን የሚያቃጥለው ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት የተባለ በቀላሉ የሚተን ውህድ ነው፤ ሰናፍጭን የሚያሰነፍጠውም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ውህዱ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስን የመሳሰሉ የድድ በሽታ ባክቴሪያዎችን እንደሚገድል አሳይተዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከድድ በታች ባዮፊልም በሚባል አጣባቂ ሽፋን ውስጥ ተደራርበው ስለሚኖሩ፣ ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጠራል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ቀስ በቀስ ይመነምናል። ሽፋኑ መድኃኒት እንደ ልብ እንዳይዘልቅ ስለሚከላከል፣ አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል አስፈላጊ በሚሆኑበት ጊዜም ጥርሱ እስከ ሥሩ ካልተጠረገ ፈውሳቸው ይጎድላል።

የዕፅዋት ጭማቂን ከመድኃኒት ጋር የማጣመሩ ሐሳብ የሚመነጨው ከዚህ ችግር ነው፤ ጭማቂው የባክቴሪያውን የውጭ ሽፋን ካላላ፣ በአነስተኛ መጠን የተሰጠ መድኃኒት ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሳውዲ ዓረቢያ የተካሄዱ የላቦራቶሪ ጥናቶች የዓዳይን፣ የቀረፋን፣ የከርቤንና የሮማንን ጭማቂ ከተለመዱ መድኃኒቶች ጋር ፈትሸዋል። መለኪያው የባክቴሪያውን እድገት የሚገታው ዝቅተኛ መጠን ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ እያንዳንዱ የሚፈለግበት መጠን ለብቻው ሲሆን ከሚፈለገው ጋር ተነጻጽሮ የሁለቱ ክፍልፋዮች ድምር 0.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተደጋጋፊነት አለ ይባላል፤ ከ4 ካለፈ ግን አንዱ ሌላውን ያዳክማል። ከርቤ የሶማሌ ቆላዎች ነባር ምርት በመሆኑ ይህ ምርምር ለክልሉ የተለየ ትርጉም አለው።

ይሁን እንጂ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ የተገኘ ውጤት በአፍ ውስጥ አይደገምም ማለት ባይቻልም፣ ይደገማል ብሎ መደምደም ግን ፈጽሞ አይገባም። በድድ ኪስ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጨው ፈሳሽ የገባውን ነገር ቶሎ ያጥባል፤ የሚተነው ውህድም እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚቀንስ፣ ትኩስ ተቆርጦ የተፋቀበት ዓዳይና ለሳምንታት የቆየው በኃይል አይተካከሉም። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ መድኃኒትን ከቤት ጭማቂ ጋር መቀላቀል ተደጋጋፊነትን ያስገኛል ተብሎ አይታመንም፤ ይልቁንም መጠኑ ያነሰ መድኃኒት የሚቋቋሙትን ባክቴሪያዎች መርጦ ሊያስቀር ይችላል። የደማ ወይም የሸሸ ድድ ያለው ሰው መፋቂያውን ሳይተው ድንጋይ የሆነውን የጥርስ ቆሻሻ በባለሙያ ማስጠረግ ይኖርበታል፤ ይህን ግትር ክምችት መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አያነሳውምና።