ከኮሶ እስከ ኒክሎሳማይድ፦ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒትና ገላጭ ጽሑፉ በላስታ

በአገራችን የመድኃኒት ገላጭ ጽሑፍ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት የአዋጅና የደንብ ቁጥሮች ናቸው። ሕዝቡ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት እየገዛ መውሰድ የጀመረው የመድኃኒት ደንብ ከመውጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚወሰድና ማን ሊርቀው እንደሚገባ ለገዢው የሚነገርበት ልማድም አብሮ ነበረ። ይህን ለመመልከት በላስታ ደጋ ከኮሶ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ዛሬ ቁጥሩ እጅግ ቢመናመንም የኮሶ ዛፍ ከላሊበላ በላይ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወጣው ደጋ ይበቅላል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል የማያውቀው ቤት ስላልነበረ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት የባላገሩም የመኳንንቱም ልማድ ነበር። «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ እንግዳው ሳይቀየም ይመለስ ነበር። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ገልጾታል፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ደግሞ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለአውሮፓ ሕክምና አስተዋወቀው። በዚያው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ደጋ አበባ በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ገባ። በአገሩ ግን ሻጩ አልተከበረም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጠላቶቻቸው አፍ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው መሰደባቸው የታወቀ ነው።

ይህች የተናቀች ኮሶ ሻጭ ግን ዛሬ ከመድኃኒት ካርቶን የምንጠብቀውን ሁሉ በቃል ትናገር ነበር። የሚፈለገው የሴቴው ዛፍ አበባ መሆኑን፣ ደርቆና ተወቅጦ በውሃ እንደሚዘፈዘፍ፣ በማለዳ በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ፣ ነፍሰ ጡር ብትጠጣው ሊያስወርዳት እንደሚችል ገዢው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ነበር። ያልገባውም መልሶ ይጠይቃታል።

ይህን ስል የድሮውን ማወደሴ አይደለም። የቃል መመሪያው አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ መጠኑ በእፍኝ እንጂ በሚዛን አይታወቅም፣ የአበባውም ኃይል ከዛፍ ዛፍ፣ እንደ አቆያየቱም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሮኮስ የተባሉ ሐኪም በኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ያወጡት ጽሑፍ የኮሶ መመረዝ በዓይን ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት የሚመለከት ነበር። ትሉን ለማስወጣት ብሎ ብርሃኑን ያጣ ሰው የሻጯ ምክር ጎድሎበት ላይሆን ይችላል፤ የጎደለው የተመጠነ መድኃኒት ነው።

የተመጠነው መድኃኒት በኒክሎሳማይድ መልክ መጣ። እያንዳንዱ ክኒን 500 ሚሊግራም ነው፤ ለአዋቂ 4 ክኒን፣ ማለትም 2 ግራም፣ በአንድ ጊዜ ይበቃዋል። መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ሥራውን የሚሠራው በአንጀት ውስጥ ትሉን በቀጥታ በማግኘት ነው። ስለዚህ ክኒኑ በሚገባ ታኝኮ በትንሽ ውሃ መዋጥ አለበት። «ታኝኮ ይዋጥ» የምትለዋ ቃል የሕክምናው ግማሽ ናት ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህች ቃል በካርቶኑ ላይ የተጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። መጠኑ ተስተካከለ፤ ምክሩ ግን ገዢው በማያነበው ወረቀት ላይ ቀረ። ክኒኑን ሳያኝክ የዋጠ የቡግና ወይም የላስታ ገበሬ ትሉ ባይወጣለት «የፈረንጅ መድኃኒት አይሠራም» ብሎ ወደ ኮሶው ቢመለስ፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነውን?

ሕጉ በበኩሉ ቆሞ አልቀረም። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ለ35 ዓመታት ያህል የዘርፉ መሠረት ሆኖ ቆይቷል፤ ከዚያም የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ አዋጅ ቁጥር 661/2002 እና አሁን በሥራ ላይ ያለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከታትለው ወጡ። የእነዚህ ሕጎች ዋና ጥንካሬ በጥራት፣ በምዝገባና በፈቃድ ላይ ነው። ገላጭ ጽሑፉ መኖሩንና እውነተኛነቱን ይመለከታሉ፤ አንባቢው ተረድቶት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ከቋንቋው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በአንድ ካርቶን ላይ የአገልግሎት ማብቂያው «06/2019» ተብሎ ታትሟል እንበል። ይህ እ.ኤ.አ. ጁን 2019 ማለት ስለሆነ መድኃኒቱ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አብቅቷል። ቁጥሩን ብቻ ማንበብ የሚችል ሰው ግን ስድስተኛው ወር የካቲት ነውና እስከ የካቲት 2019 ዓ.ም. ድረስ የሚያገለግል ይመስለዋል፤ ልዩነቱ ወደ 7 ዓመት ከ8 ወር ይጠጋል። ይህ ማንበብ ካለመቻል የሚመጣ ስሕተት ሳይሆን ማንበብ የቻለውን ሰው የሚያሳስት ነው። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በካርቶን ላይ ጠዋት 8 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው።

ፓራሲታሞልም ሌላ አደጋ አለው። ለራስ ምታት በአንድ የንግድ ስም፣ ለጉንፋን ደግሞ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ በሌላ ስም ይሸጣል። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደ ሰው በቀን ከ4 ግራም በላይ ሊያልፍና ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። የንግድ ስሙ በትልቁ፣ የመድኃኒቱ ስም በደቃቅ ፊደል እየታተመ ገዢው ይህን እንዲያውቅ መጠበቅ አይገባም።

ሌሎች አገሮችም ይህን መንገድ በአንድ ጊዜ አላለፉትም። አሜሪካ ያለ ማዘዣ ለሚሸጡ መድኃኒቶች አንድ ወጥ የሆነ የመግለጫ ሠንጠረዥ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በሠንጠረዡም አናት ላይ የሚቀመጠው የንግድ ስሙ ሳይሆን በውስጡ ያለው ፈዋሽ ንጥረ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሻሻለው መመሪያ በሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ በተጠቃሚ ሰዎች ዘንድ ተሞክሮ መረዳት መቻሉ እንዲረጋገጥ አዘዘ። ለእኛ የሚበጀው ይህኛው ይመስለኛል፤ ብዙ ወጪ አይጠይቅምና።

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያለ ማዘዣ ለሚሸጡት ጥቂት መድኃኒቶች ብቻ እንኳ የሚለጠፍ የአማርኛ ወረቀት፣ እንደ አካባቢውም በኽምጣንኛና በሌሎች ቋንቋዎች፣ ከኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ጋር ቢያዘጋጅ፣ ከመጽደቁ በፊት በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በአንድ ቀን ሊፈተን ይችላል። ወረቀቱን ለገበያተኛው ሰጥቶ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ስንት ትወስዳለህ? እንዴት ትውጠዋለህ? እስከ መቼ ያገለግላል?