ልጁ ይግባ ወይስ ይቅር?

ስሙኝማ። ነገሩ የሆነው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ የኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍቶ ልጅ በሚያሳድግበት ከተማ። ሜይ ተገባዶ የስፕሪንጉ የእግር ኳስ ውድድር ሊዘጋ ሲል የጎረቤቴ ልጅ አሰልጣኝ ለወላጆች ሁሉ መልእክት ሰደደ። ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ የሳመር ሊግ አለ፣ ጨዋታው በሳምንት ሁለት ማታ ነው፣ ክፍያው ይህን ያህል ነው፣ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ ይላል።

ጎረቤቴ ኡበር ይሠራል። ባለቤቱ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት። ልጃቸው 11 ዓመቱ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ግራ እግሩ የሚያምር ልጅ። ቡና ተፈላና ተጠራሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ኳስ ያውቃሉ፤ እስቲ ይፍረዱን» አለኝ አባት። አለና ጌድዮን ዘላለምን አነሳ። «በርሊን ከኢትዮጵያውያን ተወልዶ፣ እዚሁ ሜሪላንድ አድጎ፣ ከኦልኒ ሬንጀርስ አይደለም እንዴ አርሰናል የወሰደው?»

እውነቱን ነው። ጌድዮን በጃንዋሪ 2014 በኤፍኤ ካፕ ለአርሰናል ዋና ቡድን ሲሰለፍ ገና 17 ዓመት አልሞላውም ነበር። አርሰን ቬንገር አሰልጣኝ ከሆኑ በኋላ ተወልዶ ለአርሰናል የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ያን ቀን እኔም ደስታዬን አልቻልኩትም። ኦልኒ ደግሞ ከኛ ሩቅ አይደለችም፤ ያ ታሪክ የስንቱን አባት ኪስ እንዳስፈተሸ አውቃለሁ።

እናት ስኒውን እያቀበለችኝ፣ «እኔ ኳስ ጠልቼ አይደለም ጋሼ» አለች። «ልጄ ከሴፕቴምበር ጀምሮ አላረፈም። ሜዳው ሲበርድ በአዳራሽ፣ ሲሞቅ ተመልሶ በሜዳ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ተረከዜን ይላል።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ተረከዜን ሲል ዝም አይባልም። አጥንቱ ገና እያደገ ነው፤ ከባት የሚወርደው ጅማት ተረከዙ ላይ ያለውን የዕድገት ቦታ ይጎትተዋል፣ ሩጫና ዝላይ ሲበዛ ያማል። ሐኪም ያየዋል፣ ብዙውን ጊዜም የሚታዘዝለት ሩጫ መቀነስና ማረፍ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ልጅ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ከአንዱ ስፖርት ደግሞ በዓመት ውስጥ ሦስት ወር ያህል ይረፍ ይላል፤ ወሮቹ ተከፋፍለው ቢመጡም ይሆናል። እናትየው ይህን ሳታነብ ነው ያወቀችው።

ታዲያ ፍርዱ አለቀ እንዳትሉ። ልጁን ጠራሁት። «አንተስ?» አልኩት። አባቱን አየ፣ እናቱን አየ። «መሃል መጫወት እፈልጋለሁ» አለ። ዓመቱን ሙሉ ተከላካይ መሥመር ላይ ነው የከረመው። ኳስ ሲደርሰው ወደ ፊት እንዲጠልዝ ነው የሚነገረው። ያ ግራ እግር ለመጠለዝ የተፈጠረ አይደለም፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

የሳመር ሊግ ዋጋ ያለውም እዚህ ጋ ይመስለኛል። በስፕሪንጉ ውድድር ነጥብ አለ፣ ወደ ላይ መውጣትና ወደ ታች መውረድ አለ፣ አሰልጣኙም ወላጁም ይጨነቃሉ፤ ተከላካዩን አማካይ አድርጎ የሚሞክር የለም። በሳመር የሚወርድ የለም። ልጅ የማያውቀው ቦታ ላይ ቆሞ ኳስ ቢነጠቅ፣ ተነጠቀ፤ ይማርበታል። አሰልጣኙ ሳመሩን ለዚህ ካልተጠቀመበት ግን ያው ልጅ፣ ያው ቦታ፣ በደከመ እግር ላይ ሌላ ስድስት ሳምንት ነው።

አባትየው እዚያው ስልኩን አነሳ። ሁለት ነገር ጠየቀ፦ ስንት ልጅ ይመዘገባል? ልጄ መሃል ይጫወታል? አሰልጣኙ የመለሰው በቅንነት ነው። 18 ልጅ ይመዘግባል፤ በሳመር ቤተሰብ መንገድ ይሄዳል፣ ሰው እንዳይጎድለው ይሰጋል። ቦታው ግን እንደ ስፕሪንጉ ነው።

ወረቀት አወጣሁና አሰላሁላቸው። በዚህ ዕድሜ የሚጫወቱት ዘጠኝ ለዘጠኝ ነው፤ ጨዋታው ሁለት ጊዜ 30፣ ባጠቃላይ 60 ደቂቃ። ዘጠኙ ቦታ በ60 ሲባዛ 540 ደቂቃ ይሆናል። ለ18 ልጅ እኩል ቢከፈል ለያንዳንዱ 30 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ለ12 ቢከፈል 45። እኩል ከተከፈለ ነው ይህ ሁሉ። ማታ ሥራ ትቶ፣ የቤልትዌዩ አውራ ጎዳና መኪና በመኪና በሆነበት ሰዓት ልጅ አድርሶ ለተጠባባቂ ወንበር መክፈል ለሹፌር ቤት ቀላል አይደለም።

ቅዳሜ የስፕሪንጉን የመጨረሻ ጨዋታ ለማየት አብሬያቸው ሄድኩ። ዓይኔን ከሜዳው አንስቼ ወንበሩ ላይ ተከልኩ። ኳስ የተነጠቀ ልጅ ወዲያው ይቀየራል፤ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፣ የሚያናግረውም የለም። ልጆቹ ኳስ በደረሳቸው ቁጥር ቀና ብለው አሰልጣኙን ማየት ለምደዋል። ይህን ሳይ ሆዴ ተንቦጫቦጨ።

ከነሱ ቀጥሎ አንድ አነስተኛ ቡድን ገባ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ ተሸነፉም። ግን ሁሉም በተራ ወጡ፣ በተራ ገቡ፤ የወጣውን ልጅ አሰልጣኟ አጠገቧ አስቀምጣ እያሳየች ታነጋግረዋለች። ጎረቤቴን በክርኔ ነካሁት። እሱም አይቷታል።

ጨዋታው ሲያልቅ ጠጋ ብሎ ጠየቃት። ለሳመር 12 ልጅ ትፈልጋለች፤ አንድ ይጎድላታል። ልጁ መሃል ይሞክር አለች። መብረቅ ሲመጣስ አላት፤ እዚህ አገር የጁላይ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚያጉረመርም ታውቃላችሁ። ነጎድጓድ እንደተሰማ ልጆቹን ከሜዳ አስወጣለሁ፣ የመጨረሻው ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አላስገባም አለችው። ሰው ሠራሹ ሣር በፀሐይ እንደ ምጣድ ስለሚግል ሲሞቅ ውሃ መጠጫ ዕረፍት ታበዛለች። በዚህ ዕድሜ ልምምድ ላይ ቴስታም በልክ ብቻ እንደሚፈቀድ ሳይጠየቅ ነገረችው።

እናትየው ሐኪም ተረከዙን ይይ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ይግባ፣ ኦገስት ሙሉውን ግን ኳስ የለም አለች። አባት ተስማማ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ በጁላይ 4 ሰሞን ቤተሰቡ በ1984 የተመሠረተው «የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ» ወደሚያዘጋጀው ዓመታዊ ውድድር መሄድ ልማዱ ነው። 12 ልጅ ብቻ ባለው ቡድን አንድ ሰው ሲቀር ይታወቃልና ያን ሳምንት እንደማይኖሩ አባትየው ለአሰልጣኟ አስቀድሞ ነገራት። እሷም በልጁ ቦታ እንግዳ ተጫዋች እንደምትፈልግ ነግራው የልጁን ስም መዘገበች። ለፊተኛው አሰልጣኝም እዚያው መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ አመስግኖ፣ በዚህ ሳመር እንደማይመጡ ጻፈለት። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ አባት ማታ በሚሠራበት ቀን ልጁን የማደርሰው እኔ ነኝ።