ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለው እርሻ፦ በምሥራቅ አዲስ አበባ የገበሬ አያቶችን ፍለጋ

ቦሌ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሆቴሉና ፎቁ ነው። በአካባቢው ሕንፃ የሚሠራ ተቋራጭ ግን አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አፈሩ ነው። መሠረት ከመጣሉ በፊት ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወጣል፣ በሌላ አፈርም ይተካል። ምክንያቱም ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳም ይዞ ይሰነጠቃል። ለግንበኛ ጠላት የሆነው ይኸው ኮትቻ አፈር ታዲያ ለብዙ ትውልድ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ሲያበቅል የኖረ ነው። ማን አረሰው? የአራሾቹ የልጅ ልጆችስ ዛሬ አያቶቻቸውን ከየት ያገኟቸዋል?

ጥያቄው የናፍቆት ብቻ አይደለም። ከቦሌ ቡልቡላ እስከ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ድረስ የእርሻ መሬት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሰፈር ሆኗል። እርሻውን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶች እያለፉ ነው፤ እነሱ ሲያልፉ ምን ይቀራል የሚለው ነው ነገሩ።

የአባት ስም ያለበት ሁለት አገር

እስቲ ከሩቅ እንጀምር። አይስላንዳውያን እንደኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ አብዛኞቹ የሚጠሩት በአባታቸው ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። እንዲህም ሆኖ አንድ አይስላንዳዊ ገበሬ አያቶቹን ለመቶ ዓመታት ወደኋላ ቆጥሮ ማግኘት ይችላል። ለምን? እ.ኤ.አ. በ1703 በአገሪቱ የነበረው 50 ሺህ ገደማ ሕዝብ ሁሉ በየስሙ ተቆጠረ። በዚያው ዘመን አርኒ ማግኑሶን እና ፓል ቪዳሊን የተባሉ ሁለት ሰዎች በዴንማርክ ንጉሥ ትእዛዝ እርሻዎችን እየዞሩ መዘገቡ፤ ባለመሬቱ ማን ነው፣ ጭሰኛው ማን ነው፣ ስንት ይከፍላል፣ ስንት ላምና በግ አለው እያሉ። ከዚያ ሁሉ መዝገብ የተገነባው የዘር ሐረግ ማከማቻ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በኢንተርኔት ይገኛል።

በእኛ አገር የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ ግን የቆጠራው መዘግየት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወረቀት ላይ የሰፈረው ማን ነው የሚለውም ነው።

የድሮው መዝገብ የሚያውቀው ባለመሬቱን ነው

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ አካባቢው ፊንፊኔ የሚባል፣ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የሚኖሩበት አገር ነበር። የካ፣ ገላንና ጉለሌ የሚሉት ስሞች ዛሬም የሚያስታውሱን እነዚያን ጎሳዎች ነው። ከዚያ በኋላ በከተማዋ ዙሪያ መሬት በቀላድ እየተለካ፣ በጋሻ እየተቆጠረ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። በደንቡ መሠረት ለአገሬው ባላባት የሚቀረው ሲሶው ነበር። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል፤ እሱ ላይ ብዙ አባወራ ሊያርስ ይችላል።

በወረቀቱ የምናገኘው ግን የባለ ጋሻውን ስም ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ የመጣው የመሬት ግብርም መሬቱን ለም፣ ለምጠፍ፣ ጠፍ ብሎ ከፈለ እንጂ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት የሚሰፍረውን ጭሰኛ በስሙ አልፈለገውም። ስለዚህ በድሮ መዝገብ አያታችሁን ፈልጋችሁ ብታጡ አልነበሩም ማለት አይደለም። ይልቁንስ የማን መሬት ላይ ያርሱ እንደነበር ጠይቁ፤ የባለመሬቱን ስም ይዞ መግባት ቀሪውን በር ይከፍታል። የተጻፈው ስም ቤት ውስጥ ከሚጠሩበት ሊለይ እንደሚችልም አትርሱ፤ ብዙ ሰው ከቤት ስሙ ሌላ የክርስትና ስም ነበረው።

ነገሩ የተለወጠው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውን መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፣ በ800 ሄክታር ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። ያኔ አራሹ ራሱ በራሱ ስም የማኅበር አባል ሆነ። ብዙ ከተሜ የማያውቀው ደግሞ አዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ከመቋቋማቸው በፊት ከ300 በላይ ከሆኑት የከተማ ቀበሌዎቿ ጎን 23 የገበሬ ቀበሌዎች እንደነበሯት ነው። ከተማዋ ራሷ ገበሬ ነበረች።

የሚነገረውን በዘመን ማሰር

ከ1967 በፊት ላለው ዋናው ምንጭ የሰው አፍ ነው። በኦሮሞ ባህል አባትን፣ አያትን፣ ቅድመ አያትን እያሉ እስከ አሥርና ከዚያ በላይ መቁጠር የተለመደ ነው፤ በአማራው ዘንድም ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ስሙ ይገኛል፤ የሚጠፋው ዓመተ ምሕረቱ ነው።

ለዚህም መላ አለው። የቱለማ ገዳ አምስት ምድብ አለው፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ዙሩ በ40 ዓመት ይሞላል። ዱከም አቅራቢያ ያለው ኦዳ ነቤ የዚህ ሥርዓት ማዕከል ነው። አንድ አዛውንት አያታቸው በየትኛው ገዳ እንደነበሩ ካስታወሱ ዘመኑን ማጥበብ ይቻላል። ገዳውን የማያስታውስ ሰው ደግሞ ክፉ ቀንን ይጠየቅ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብት በበሽታ አልቆ፣ በሬ ጠፍቶ፣ ሕዝብ የተራበበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ከዚያ የ1928ቱ የጣልያን መግባት፣ ከዚያም በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። «አያትዎ ያኔ ያርሱ ነበር ወይስ ከብት ይጠብቁ ነበር?» ብሎ መጠየቅ «መቼ ተወለዱ?» ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአባት ቆጠራ እናቶችን ይዘላል። እናት ከየት ጎሳ፣ ከየት መንደር ተዳረች የሚለውን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ አክስቶችና አያቶች ናቸውና እነሱን ለብቻ ጠይቋቸው።

አፈሩ ያስተማረው ኑሮ

ስም ብቻውን ኑሮን አይነግርም፤ አፈሩ ግን ይነግራል። ኮትቻ በጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ክረምት ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ገበሬው ዝናቡ እንደጣለ ዘር አይበትንም። ደጋግሞ ያርሳል፣ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ያወጣል፣ ለጤፉ ማሳውን በከብት ያስረግጣል። ሽምብራና ጓያ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ይዘራሉ። አንድ ጥማድ በሬ የሌለው ሰው ከጎረቤት ይቀናጃል፤ አጨዳው በደቦ፣ ውቂያው በአውድማ በበሬ ይሆናል፤ ኩበቱ ማገዶ ይሆናል።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ዛሬ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የሚባለው ማዕከል ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ሆኖ ለዚህ አፈር መፍትሔ ሲፈልግ መነሻው የገበሬው ማረሻ ነበር። ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ተሠራ። የተቋሙ ግቢ ያለው እዚሁ ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ ነው።

ያስነሳው ወረቀት

አሁን ወደ አስቸጋሪው ምንጭ እንምጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲስፋፋ ገበሬው የሚነሳበትን ካሳ የወሰነው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። አዋጁ ቤት፣ ሰብልና ዛፍ ተቆጥሮ እንዲገመት ያዛል፤ ለመፈናቀሉም ከመነሳቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈል ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን በ3 ዓመት ውስጥ ከተገኘው ከፍተኛ ገቢ ላይ አድርጎ ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። ካሳው በቂ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም።

ለታሪክ ፈላጊ ግን አንድ መራራ እውነት አለ። ምን ዘራ፣ ስንት አገኘ፣ ጓሮው ውስጥ ስንት ባሕር ዛፍ ነበረው ብሎ ገበሬውን በዝርዝር የጠየቀው ወረቀት ከመሬቱ ያስነሳው ወረቀት ነው። አርኒ ማግኑሶን ለአይስላንድ ጭሰኞች ያደረገውን፣ ለቦሌና ለየካ ገበሬ ያደረገለት የካሳ ገማች ነው፤ ያውም በመጨረሻው ቀን።

እነዚህ ፋይሎች የሚታዩት እንደ ክፍያ ሰነድ ነው፤ ክፍያው ሲያልቅ ጉዳያቸውም ያለቀ ይመስላል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም እንደታየው የአስተዳደር ወሰን ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የቤተሰባችሁ ፋይል የቱ ጽሕፈት ቤት እንዳለ ዛሬውኑ መጠየቅ ይሻላል። ቅጂውን ያዙ፤ የገበሬ ማኅበር ደብተር ወይም የግብር ደረሰኝ ቤት ውስጥ ካለ ከሱ ጋር አኑሩት። ከዚያ አዛውንቱ አጠገብ ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን መስመር አንብቡላቸው። ወረቀቱ ሁለት ጥማድ በሬ ብሎ ያለፈውን እሳቸው የበሬዎቹን ስም ይነግሯችኋል።